ማደሪያና መማሪያ በአንድ ጣራ ሥር

«አደረ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ብዙ ልጆች ካፈሩት ግሦች አንዱ ነው። ሌሊቱን በአንድ ስፍራ ያሳለፈ ሰው አደረ ይባላል፤ ያደረበትም ቤት ማደሪያ ነው። ነገር ግን የግሡ ትርጉም በመኝታ አይወሰንም። አርሶ የሚኖረውን አርሶ አደር፣ ከብት አርብቶ የሚኖረውን አርብቶ አደር፣ ነግዶ የሚኖረውን ነግዶ አዳሪ እንላለን። ሰው ቤት ሲያቆም ትዳር ያዘ ይባላል። ሥራንና ሠራተኛን በሥርዓት የሚመራውን ደግሞ አስተዳዳሪ፣ ሙያውን አስተዳደር ብለን እንጠራዋለን። እንግዲህ ማደር፣ ኑሮን መግፋትና ማስተዳደር ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው ማለት ነው። የንግድ ሥራ አስተዳደርን ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ማደሪያው ራሱ የትምህርቱ ክፍል እንዲሆንለት ተብሎ የተዘረጋ አንድ አሠራር አለ። የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ በይበልጥ የተስፋፋው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ የንግድ ሥራ ተማሪዎች በአንድ ማደሪያ ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ፎቅ ላይ፣ ጎን ለጎን በሆኑ ክፍሎች ይመደባሉ። በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ነገሩ ተራ የመኝታ ድልድል በሆነ ነበር። ዋናው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እነዚሁ ተማሪዎች በዓመቱ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን፣ ለምሳሌ ኢኮኖሚክስን፣ ሒሳብንና የጽሑፍ ትምህርትን፣ በአንድ የመማሪያ ክፍል አብረው ይማራሉ። ከፍ ካለው ዓመት የተመረጠ ነባር ተማሪ በፎቁ ላይ አብሯቸው ይኖራል። መምህራን በቀጠሮ እየመጡ በማደሪያው አዳራሽ ከእነርሱ ጋር ይወያያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እራት አብረው ይበላሉ። የባንክ፣ የፋብሪካ ወይም የንግድ ድርጅት ሰዎች ተጋብዘው ስለ ሥራቸው ይናገራሉ፤ ተማሪዎቹም በተራቸው ወደ ሥራው ስፍራ ሄደው ይጎበኛሉ። ለዚህ ዓይነቱ ስብስብ በአማርኛ የጸና ስም ገና ስላልወጣለት እኛ «አብሮ አደር የትምህርት ማኅበር» እያልን እንጠራዋለን።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የመጀመሪያው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ዋርተን፣ በፊላደልፊያ ከተማ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በዛሬው ጊዜ በዚያች አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚቀበሉት መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል የንግድ ሥራ ተማሪ ሆኗል። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ የአንደኛ ዓመት ትምህርት በትልልቅ አዳራሾች የሚሰጥ ሆነ። መምህሩ ከፊት ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሲናገር በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ተደርድረው ያዳምጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢቀር ማን ያውቅበታል? ትምህርቱ ባይገባውስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ስንት ሰው ነው?

እስቲ ከቤተሰቡ መካከል ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያው የሆነውን ወጣት አስቡ። አባቱና እናቱ በሚችሉት ሁሉ ይረዱታል፤ ስንቅ ይቋጥሩለታል፤ ይመርቁታል። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያው ፈተና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ መምህርን በቢሮው ሄዶ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ፣ አንድን ትምህርት ጊዜው ሳያልፍ መሰረዝ እንደሚቻል ሊነግሩት አይችሉም። አላዩትምና። ይህ ወጣት የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ውጤት ባየ ጊዜ «እኔ ለዚህ ቦታ አልተፈጠርኩም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ጎረቤቱም በዚያው ፈተና እንደ እርሱ መውደቁን ካላወቀ ይህን ሐሳቡን የሚያርምለት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን ጥሎ የሚሄደው ሁሉ ችሎታ ያነሰው አይደለም፤ ብቻውን መሆኑ ያሸነፈውም ይገኝበታል። አሌክሳንደር አስቲን የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ በመጀመሪያው ዓመት በግቢ ውስጥ የሚኖሩ ተማሪዎች ከቤታቸው ከሚመላለሱት ይልቅ ትምህርታቸውን ለመጨረስ የተሻለ ዕድል እንዳላቸው አመልክቷል። ቆየት ብሎም እ.ኤ.አ. በ2007 ካረን ኢንከላስና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት በዚህ ዓይነት ማኅበር ውስጥ የገቡ፣ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ የሆኑ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ትምህርትና ኑሮ ጋር መላመዱ እንደ ቀለላቸው መናገራቸውን ይገልጻል።

ማደሪያንና መማሪያን አንድ የማድረጉ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ኮሌጅ ማለት ከጥንት ጀምሮ መኖሪያም መማሪያም ነው። በአሜሪካ ግን ሐሳቡን በአዲስ መልክ ከሞከሩት ሰዎች ስሙ በይበልጥ የሚነሣው አሌክሳንደር ሚክልጆን ነው። ይህ ሰው የአምኸርስት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ባለመስማማቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ከሥልጣኑ ወረደ። ከዚያ በኋላ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ እ.ኤ.አ. በ1927 የሙከራ ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ የሚገኘው በማዲሰን ከተማ በሜንዶታ ሐይቅ አጠገብ አዳምስ በተባለው ማደሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ተማሪዎቹ የሚያድሩት በዚያው ነው፤ የመምህራኑም ቢሮ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የሚያጠኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረችው የአቴና ከተማ ሕይወት ነው። በሁለተኛው ዓመት የራሳቸውን አገር፣ የዘመኑን አሜሪካ፣ ያጠናሉ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ባለው የዕረፍት ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ስለ አንድ የአገሩ አካባቢ ኑሮ መርምሮ ይጽፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚክልጆን ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ሲገናኙ ሁሉም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ ጨዋታቸው ወደ ትምህርት፣ ትምህርታቸውም ወደ ጨዋታ ይገባ ነበር። አብሮ አደር ማኅበር ቁም ነገሩ ያለው አልጋውን በመጋራት ሳይሆን ሥራውን በመጋራት ላይ ነው። የሙከራ ኮሌጁ ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ከቀሩት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተነጥሎ መኖሩ እንደ ባይተዋር አስቆጠረው፤ የሚገቡበት ተማሪዎች ቁጥርም እየቀነሰ ሄደ፤ በዚያ ላይ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1932 ተዘጋ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በዚያው በማዲሰን ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አብሮ አደር የትምህርት ማኅበራት እንደ ገና ተከፈቱ። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በምህንድስና፣ በጤና፣ በቋንቋ፣ እንዲሁም በንግድ ሥራ ስም የተቋቋሙ ብዙ ናቸው።

የንግድ ሥራ ትምህርት ለዚህ አሠራር የሚመችበት ምክንያት አለው። የሙከራ ኮሌጁ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በቻርልስ ወንዝ ማዶ አዲሱን ግቢውን አስመረቀ። ግቢው የተሠራው ጆርጅ ቤከር የተባለው የባንክ ባለሀብት በሰጠው አምስት ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የተማሪዎቹ ማደሪያዎች በአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትሮች ስም ተሰየሙ። በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያጠናቀቁ ሰዎች ስለ ሆኑ እኛ ከምንናገርላቸው ወጣቶች በዕድሜ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ ከልምዱ የሚገኝ ትምህርት አለ። አዲስ ገቢዎቹ ዘጠና ያህል ሰው ባለበት ክፍል ተመድበው የመጀመሪያውን ዓመት ዋና ዋና ትምህርቶች ሁሉ አብረው ይማራሉ። ትምህርቱም የሚሰጠው በእውነት በደረሰ የአንድ ድርጅት ችግር ላይ በመከራከር ነው። አንዱ «ፋብሪካው ይዘጋ» ሲል ሌላው «ዋጋ ይቀነስ» ይላል። ክርክሩን በሚገባ ለመያዝ ጉዳዩን አስቀድሞ በትንንሽ ቡድን መመርመር ያስፈልጋል። አጥኚው ብቻውን የሚደርስበት መልስ አንድ ነው፤ የሚሳሳትበትን ቦታ የሚያሳየው ግን ሌላ ሰው ነው።

የሒሳብ አያያዝን ትምህርት ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለ ሱቅ የ50,000 ዶላር ዕቃ ገዛ። ከዋጋው 20,000ውን በጥሬ ገንዘብ ከፈለ፤ 30,000ውን በዱቤ አስመዘገበ። በዚያች ቀን ስንት ከሰረ? የሚል ጥያቄ ለአዲስ ተማሪ ቀረበለት እንበል። ተማሪው ማታ በክፍሉ ተቀምጦ፣ «20,000 ከካዝናው ወጣ፤ የ30,000 ዕዳ ገባበት፤ እንግዲህ 50,000 ከስሯል» ብሎ ይጽፋል። በአጠገቡ ያለው ጓደኛው ይህን ሲያይ፣

«ዕቃውስ የት ሄደ?» ይለዋል።

«መደብሩ ውስጥ ነዋ።»

«አልተቃጠለም? አልተሰረቀም?»

«አልተሰረቀም።»

«ታዲያ ምኑን ከሰረው?»

በዚህ ጊዜ ተማሪው እርሳሱን ያነሣል። ዕቃው በ50,000 ጨመረ፤ ጥሬ ገንዘቡ በ20,000 ቀነሰ፤ ስለዚህ ባለ ሱቁ በእጁ ያለው ንብረት በጠቅላላው በ30,000 ከፍ ብሏል። ዕዳውም ከፍ ያለው በዚያው በ30,000 ነው። ሁለቱ ሲመዛዘኑ የባለ ሱቁ የራሱ ድርሻ አልጨመረም፣ አልጎደለም። ትርፍና ኪሳራ የሚታወቀው ዕቃው ሲሸጥ ነው። ይህን መምህሩም በአዳራሹ ተናግሮት ይሆናል። ነገር ግን ትምህርቱን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ጀማሪው የሚደናቀፍበትን ድንጋይ ረስቶታል፤ ትናንት የተደናቀፈው ጓደኛ ግን ድንጋዩ የቱ ጋ እንዳለ በደንብ ያስታውሳል። የዚያችን ጥያቄ መልስ ከምሽቱ በአራት ሰዓት፣ ቢሮዎች ሁሉ በተዘጉበት ጊዜ፣ በር አንኳኩቶ ለማግኘት መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

አብሮ መኖር ራሱም ከመጽሐፍ የማይገኝ የአስተዳደር ትምህርት ይሰጣል። በብዙ የአሜሪካ ማደሪያ ቤቶች አንድ ክፍል የሚጋሩ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስምምነት ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ይደረጋል። መብራት በስንት ሰዓት ይጠፋል? እንግዳ መቼ ይመጣል? ክፍሉን ማን፣ በየትኛው ቀን ይጠርጋል? ሁሉም በጽሑፍ ሰፍሮ ይፈረምበታል። የውል ሕግ የሚማር ወጣት የመጀመሪያውን ውል የሚዋዋለው አልጋው ከአልጋው አንድ ክንድ ከሚርቀው ሰው ጋር ነው፤ ውል ሲፈርስ ምን እንደሚመጣም የሚያየው እዚያው ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንነው ዘንድ ጉድለቱንም መናገር ይገባል። አብረው የሚያድሩ፣ አብረው የሚማሩ፣ አብረውም የሚበሉ ወጣቶች ከመጠን በላይ ሊተሳሰሩ ይችላሉ። አንዱ የሠራው የቤት ሥራ በፎቁ ላይ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ይዞራል፤ ማስረዳት መሆኑ ቀርቶ መገልበጥ ይሆናል። ክፍል ውስጥም ተባብረው መምህሩ ላይ ይነሣሉ፤ አንዱ ካልተዘጋጀ ሁሉም አለመዘጋጀትን እንደ መብት ይቆጥሩታል። በእንዲህ ያሉ ክፍሎች የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ጠባይ ደጋግመው አስተውለዋል። ሌላም አለ። የንግድ ሥራ ተማሪ ከንግድ ሥራ ተማሪ ጋር ብቻ ሲውልና ሲያድር ዓለም ሁሉ ትርፍ በመፈለግ ላይ ያለች ሊመስለው ይችላል። የታሪክ ተማሪ፣ የሕክምና ተማሪ፣ የእርሻ ተማሪ በአጠገቡ ቢኖር ኖሮ «ይህ ፋብሪካ ሲዘጋ ሠራተኛው የት ይደርሳል? ወንዙስ?» ብሎ የሚጠይቀው ባገኘ ነበር። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ጉድለቶች ይህኛው ይከፋል፤ መገልበጥን ፈተና ያጋልጠዋል፣ የአስተሳሰብን ጥበት ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚያጋልጠው ፈተና የለም።

ስለ ውጤቱ የሚነገረውም በጥንቃቄ መሰማት አለበት። የማኅበሩ አባላት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አገኙ ሲባል አሠራሩ ሠርቷል ማለት ነውን? ወዲያውኑ እንዲህ ለማለት አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማኅበሩ የሚገቡት አመልክተው፣ ፈልገው ነው። ፈልጎ የሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ድሮውንም ትጉህ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ገበሬዎች ብቻ የገዙት ማረሻ ጥሩ ምርት ቢያስገኝ ምስጋናው የማረሻው ነው ወይስ የገበሬው? ይህን ለመለየት በፍላጎትም በቀድሞ ውጤትም የሚመሳሰሉ ተማሪዎችን ማወዳደር ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ስፍራ አባል ለመሆን ከማደሪያው ኪራይ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል። ቀን ተምሮ ማታ የሚሠራው፣ ወይም ኪራይ ለማዳን ከወላጆቹ ቤት የሚመላለሰው ወጣት ከዚህ ውጭ ይቀራል። እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እርሱን ነበር።

ለዚህ ችግር አንድ መልስ የተገኘው ማደሪያ ቤት ከሌለው ኮሌጅ ነው። በሲያትል ከተማ በሚገኘው ሲያትል ሴንትራል በተባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የሚመላለሱ፣ ብዙዎቹም ሠራተኞች ነበሩ። ኮሌጁ የተለያዩ ትምህርቶችን በአንድ ርእስ ሥር አጣምሮ አንድ ቡድን ተማሪዎች አብረው እንዲወስዷቸው አደረገ። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለው ምሁርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ጥናት እነዚህ ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ከሚማሩት ይልቅ ትምህርታቸውን በብዛት እንደ ቀጠሉ አገኙ። ጓደኝነታቸው የተመሠረተው በክፍል ውስጥ፣ በሥራው ላይ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሻይ ቤትና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ተዛመተ። አንዱ ቢቀር ሌላው ይፈልገዋል። ማደሪያ ሳይኖር የጋራ ሥራው ይህን ያህል ከሠራ፣ የጋራ ሥራ የሌለበት ማደሪያ ምን ያህል ይሠራል? የሚለው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

በአገራችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። አብሮ እያደሩ መማር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው በየኔታ ቤት ዙሪያ ጎጆውን ቀልሶ ይኖራል፤ ቀደም ብሎ የገባው ለኋለኛው ማታ ማታ ያስቀጽላል። በዘመናዊው ትምህርትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ በአዳሪነት ይኖሩ ነበር። የንግድ ሥራ ትምህርትም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በዩኒቨርሲቲውም ውስጥ የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፍቷል። ዛሬም ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡት አብዛኞቹ ወጣቶች ከተለያየ ክፍለ አገር መጥተው በግቢ ውስጥ፣ በተደራራቢ አልጋ፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ። ሌላው አገር ገንዘብ አፍስሶ የሚያዘጋጀው አብሮ ማደር በእኛ ዘንድ በችግርም ምክንያት ቢሆን አስቀድሞ አለ።

የሌለው ከትምህርቱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ነው። ለብዙ ዓመታት ቀርቶ የነበረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና ከተጀመረ ወዲህ፣ አካውንቲንግ ወይም ሥራ አመራር ለመማር የሚያስብ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ኢኮኖሚክስን፣ የሥራ ፈጠራን፣ ሥነ ልቡናንና ሌሎችንም የጋራ ትምህርቶች ይወስዳል። የሚፈልገውን የትምህርት ክፍል የሚያገኘውም በዚሁ ዓመት በሚያስመዘግበው ውጤት ተወዳድሮ ነው። ሥራው የጋራ ነው፤ ማደሪያውም የጋራ ነው። ነገር ግን በየትኛው ክፍል እንደሚማር የሚወስነው ዝርዝር ብዙውን ጊዜ በሬጅስትራር ቢሮ ይዘጋጃል፤ በየትኛው ሕንፃና አልጋ እንደሚያድር የሚወስነው ዝርዝር ደግሞ በተማሪዎች አገልግሎት በኩል በሌላ ቢሮ፣ ምናልባትም በስም ፊደል ቅደም ተከተል ይሠራል። ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በአንድ ክፍል የሚማሩትን ስምንት ወይም አሥር ተማሪዎች በአንድ ክፍል እንዲያድሩ ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።